ምዕራፍ ዘጠኝ፦ ትርጓሜ የቀረው መጽሐፍ

በምዕራፍ ሦስት የሰው ልጅ ጂኖም እንዴት እንደተነበበ ተከታትለናል። ጂኖም ስንል በእያንዳንዱ ሕዋሳችን ውስጥ ተጠቅልሎ የሚገኘውን፣ ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደል ያለውን የዘር ጽሑፍ ማለታችን እንደሆነ አንባቢ ያስታውሳል። ሥራው በ1990 ተጀምሮ በ2003 ተጠናቀቀ ሲባል 2.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቶ ነበር፤ ያኔ ሳይነበብ የቀረው ስምንት በመቶ ያህሉ ክፍል የተሟላው በ2022 ነው። (በዚህ መጽሐፍ እንደለመድነው ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ የአንድን ሰው ጂኖም ለማንበብ አንድ ሺህ ዶላር እንኳ አይፈጅም። ዋጋው እንዲህ ሲያሽቆለቁል ያየ ሁሉ ሕክምናውም በዚያው ፍጥነት ይከተላል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ሕክምናው ግን ወደ ኋላ ቀረ። ለምን እንደቀረ፣ ለመፍትሔውም ትልቅ ድርሻ ሊያበረክቱ የሚችሉት ማንም ያላሰባቸው ሰዎች፣ ማለትም የማስተማሪያ ኮሌጅ (ዋና ሥራው ማስተማር የሆነ ኮሌጅ) መምህራንና ገና ሥራ የጀመሩ ተመራማሪዎች፣ ለምን እንደሆኑ በዚህ ምዕራፍ እንመለከታለን።

ንባብ ቤትና ትርጓሜ ቤት

በአብነት ትምህርት ልጅ መጀመሪያ የሚገባው ንባብ ቤት ነው። እዚያ ፊደል ይቆጥራል፣ ዳዊት ይደግማል። የግእዙን ቃል እያቀላጠፈ ያነበንባል፤ የሚያነበው ምን ማለት እንደሆነ ግን ገና አያውቅም። ምሥጢሩ የሚገለጥለት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ዜማውንና ቅኔውን አልፎ መጻሕፍት ቤት ሲገባና ከትርጓሜ መምህር እግር ሥር ሲቀመጥ ነው። የጂኖም ሳይንስ ዛሬ ያለው በእነዚህ ሁለት ቤቶች መካከል ነው። ንባቡን በሚገባ አቀላጥፏል፤ ትርጓሜው ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። ጽሑፉ ደግሞ ከብራናው የባሰ አስቸጋሪ ነው። ኤ፣ ሲ፣ ጂ እና ቲ የሚባሉት አራቱ ፊደላት ሳያቋርጡ ይደረደራሉ፤ በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ የለም፣ ሐሳብ ሲያልቅም አራት ነጥብ የለም። ፕሮቲን የሚሠራበትን መመሪያ የያዙት ጂኖች ሃያ ሺህ ገደማ ሲሆኑ ከጠቅላላው ጽሑፍ ሁለት በመቶ እንኳ አይሞሉም። አንዱ ጂን ራሱ ብዙ ጊዜ ተቆራርጦ ነው የሚገኘው፤ ጥቂት መስመር ይጽፍና ረጅም ርቀት ዘልሎ ይቀጥላል። የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚቋረጥ፣ የት እንደሚያበቃና ምን እንደሚሠራ ለይቶ ማስፈር ነው ትርጓሜ የምንለው።

ይህ ሥራ የሚሠራው እንዴት ነው? ተርጓሚው ከኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጥና ቢያንስ ሦስት ዓይነት ምስክር ይሰበስባል። አንደኛው የዘመድ ምስክር ነው፤ ይኸው ጂን በቅርብ ዘመድ በሆነ ፍጡር ውስጥ ምን እንደሚመስል ያያል። ሁለተኛው የተግባር ምስክር ነው፤ ሕዋሱ ከዚያ የጽሑፍ ክፍል ላይ መልእክት ገልብጦ ይገኛል ወይስ አይገኝም ብሎ ይጠይቃል። ሦስተኛው የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ግምት ነው። ሦስቱ ሲስማሙ ነገሩ ቀላል ነው። ብዙ ጊዜ ግን አይስማሙም፤ ያን ጊዜ ተርጓሚው እንደ ጥንቱ መምህር «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው» ብሎ አማራጮቹን ያስቀምጣል፣ ያመዛዝናል፣ የመረጠበትንም ምክንያት ይጽፋል። ሥራው የሚጠይቀው ውድ መሣሪያ አይደለም፤ ትዕግሥት፣ ጥንቃቄና የብዙ ሰው ዓይን ነው።

የትርጓሜ ቤቱ ሌላም የሚያሳየን ነገር አለው፤ የዚህ ምዕራፍ መሠረታዊ ሐሳብም እሱ ነው። በጉባኤ ቤት የመምህሩ ሊቅነትና የመምህሩ አስተማሪነት ሁለት ሥራዎች አይደሉም። መምህሩ የሚመራመረው ጉባኤ ዘርግቶ፣ ደቀ መዝሙሩ እያነበበ እሱ እየተረጎመ፣ እያረመና እየታረመ ነው። የዘመናችን ዩኒቨርሲቲ ግን ሁለቱን ለያያቸው። ተመራማሪ የሚባለው ከክፍል እየራቀ በሄደ ቁጥር ክብሩ ይጨምራል፤ መምህር የሚባለው ደግሞ በሳምንት ብዙ ሰዓት ስለሚያስተምር «ለምርምር ጊዜ የለውም» ተብሎ ከዝርዝሩ ይወጣል። ክፍፍሉ በአንዳንድ የሳይንስ ዘርፍ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ለጂኖም ትርጓሜ ግን አይሠራም፤ ምክንያቱም እዚህ የክፍሉ ተማሪዎች ራሳቸው የምርምሩ አቅም ናቸው።

የተረሱት ጂኖችና የጀማሪው ስሌት

ሃያ ሺህ ጂን አለ ስንል ሁሉም እኩል ተጠንተዋል ማለት አይደለም። በ2018 በአሜሪካው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ቶማስ ስቶገር፣ ሉዊስ አማራልና ባልደረቦቻቸው የታተሙ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ አብዛኛው ጥናት የሚሽከረከረው በሁለት ሺህ ገደማ ጂኖች ዙሪያ ሆኖ አገኙት። የቀሩት ከበሽታ ጋር ግንኙነት ስለሌላቸው አልነበረም የተተዉት፤ ከእነሱ መካከል ለሕክምና ጠቃሚ መሆናቸውን የሚጠቁም መረጃ ያላቸው ብዙ ናቸው። የተጠኑት ጂኖች የተጠኑት በከፊል ጥንት በነበረው መሣሪያ ለመያዝ የሚመቹ ስለነበሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሰው ሁሉ የተጠናውን ማጥናት ቀጠለ።

ለምን እንደቀጠለ ለመረዳት የጀማሪውን ተመራማሪ ስሌት ማየት ያስፈልጋል። ይኸው ጥናት እንዳሳየው ብዙም ባልታወቁ ጂኖች ላይ የሠሩ የዶክትሬት ተማሪዎችና የድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪዎች የራሳቸውን የምርምር ቡድን የመምራት ዕድላቸው በግማሽ ያህል ያንሳል። ይህን የሚያውቅ ወጣት ያልተረገጠውን መንገድ ቢፈራ አይፈረድበትም። በአሜሪካ የሕክምና ምርምርን በዋናነት የሚደግፉት ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩቶች፣ በአጭሩ ኤንአይኤች፣ ዋናውን የምርምር ድጎማ ለመስጠት አመልካቹ ቀድሞ የሠራውን የመነሻ ውጤት ያያሉ። የመነሻ ውጤት ለማግኘት ደግሞ ገንዘብ ያስፈልጋል። ይህ አዙሪት የሚያስከፍለው በዕድሜ ነው፤ በ1980 አንድ የዶክትሬት ምሩቅ ይህን ድጎማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያገኝ አማካይ ዕድሜው 36 ገደማ ነበር፣ በቅርብ ዓመታት ግን ከ40 አልፏል። በማስተማሪያ ኮሌጅ የተቀጠረው ጀማሪ ደግሞ ሸክሙ ድርብ ነው፤ የመነሻ ውጤት የሚሠራበት ቤተ ሙከራም ሆነ ሰዓት የለውም። በአንድ የትምህርት ወቅት ሦስትና አራት ኮርስ ያስተምራል፣ ፈተና ያርማል፣ ተማሪ ያማክራል፤ ለምርምር የሚተርፈው የክረምቱ ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ሁለቱ ችግሮች ጎን ለጎን ቆመው እናያቸዋለን። በአንድ ወገን ማንም የማይነካቸው በሺህ የሚቆጠሩ ጂኖች አሉ፤ ሥራቸው ብዙ ዓይን እንጂ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። በሌላ ወገን በየዓመቱ አዲስ ተማሪ የሚቀበሉ፣ የሠለጠኑ፣ ግን ከምርምር የተገለሉ መምህራን አሉ። ለእነዚህ መምህራን ያልታወቀን ጂን ማጥናት ለትልቁ ዩኒቨርሲቲ ጀማሪ የሚሆነውን ያህል አደጋ አይደለም፤ ኮርሱ ለማንኛውም ይሰጣል፣ ተማሪው ለማንኛውም ይማራል። ሁለቱን ወገኖች የሚያገናኝ ድልድይ ይጠፋል ብሎ ማመን ይከብዳል፤ ደግሞም ተሠርቶ ታይቷል።

ክፍሉ ራሱ ሲመረምር

በ2006 በሴንት ሉዊስ በሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ ሳራ ኤልጊን የተባሉ የሥነ ሕይወት ፕሮፌሰር የጂኖሚክስ ትምህርት አጋርነት የሚባል ኅብረት መሠረቱ። ሐሳቡ ይህ ነበር፦ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ የተነበበውን የጂኖም ጽሑፍ በትንንሹ ይቆራርጣል፤ በየኮሌጁ ያሉ መምህራን ቁርጥራጩን ተቀብለው ለተማሪዎቻቸው ያከፋፍላሉ፤ ተማሪዎቹ ይተረጉማሉ፤ ውጤቱ ተመልሶ ይሰበሰባል። ጽሑፉ የፍራፍሬ ዝንብ ዘመዶች ጂኖም ነበር። ያጓጓቻቸው በተለይ ነጥብ የምታህለው የዝንቧ አራተኛ ክሮሞሶም ናት። ይህቺ ክሮሞሶም እንደተዘጋ ሣጥን ጥብቅ ብላ የታሸገች ናት፤ እንዲህ የታሸገ የዘር ጽሑፍ በተለምዶ ዝም ይላል። በእሷ ውስጥ ያሉት ሰማንያ ያህል ጂኖች ግን ይሠራሉ። እንዴት እንደሚሠሩ ማወቅ ሕዋስ ጂኖቹን እንዴት እንደሚዘጋና እንደሚከፍት ለማወቅ ይረዳል፤ ይህ ቁልፍ ሲበላሽ ደግሞ ካንሰርን ጨምሮ ብዙ ሕመም እንደሚከተል በምዕራፍ ስድስት አይተናል።

በ2015 ውጤቱ ታተመ። ዝንቦቹ በተለያዩበት አርባ ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ይህቺ ክሮሞሶም ልዩ ባሕርይዋን ጠብቃ መቆየቷን የሚያሳየው ይህ ጥናት ከአንድ ሺህ በላይ ደራሲዎች አሉት፤ ከዘጠኝ መቶ በላይ የሚሆኑት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ናቸው። አንዳንዶች ያኔ «ይህን ያህል ሰው እንዴት ደራሲ ይባላል?» ብለው ተቃውመው ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተማሪዎቹ ጂን መተርጎም ብቻ ሳይሆን የጽሑፉን ረቂቅ አንብበው፣ አስተያየት ሰጥተውና አጽድቀው እንደነበር ማወቅ ግን መልሱን ያቀልላል። በእኔ ግምት የሚደንቀው ቁጥሩ አይደለም። ይህ ሥራ ለጥቂት ቅጥር ባለሙያዎች ቢሰጥ ኖሮ ማንም ገንዘብ ከፍሎ አያሠራውም ነበር፤ ከክፍል ውጭ የሚሠራበት ሌላ መንገድ አልነበረውም።

ሁለተኛው ምሳሌ ይበልጥ ወደ ሕክምናው ይወስደናል። በ2008 ሃዋርድ ሂዩዝ የሕክምና ኢንስቲትዩት ከፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲው ግራሃም ሃትፉል ጋር ሲ ፌጅስ የሚባለውን መርሐ ግብር በ12 ተቋማት ጀመረ። ፌጅ ባክቴሪያን እየለየ የሚያጠቃ ቫይረስ ነው፤ በአፈር ውስጥ ሞልቷል። አንደኛ ዓመት ተማሪዎች ከደጃቸው አፈር ይዘው ይመጣሉ፣ ፌጁን ያወጣሉ፣ ጂኖሙ ይነበባል፣ እነሱም ይተረጉሙታል። እያንዳንዱ ተማሪ የሚያገኘው ፌጅ ከዚያ በፊት ማንም ያላየው የመሆኑ ዕድል ሰፊ ስለሆነ ኮርሱ ከመልስ ገልባጭነት ይወጣል። መርሐ ግብሩ በኋላ ከመቶ በላይ ተቋማትን አቅፏል፤ በ2015 ብቻ ቲቢን ከሚያስከትለው ባክቴሪያ ዘመዶች ላይ የተገኙ 627 ፌጆች ጂኖም ተነጻጽሮ ታተመ።

ከነዚህ ስብስቦች መካከል በደቡብ አፍሪካ ደርባን ከተማ አንዲት ተማሪ በ2010 ከበሰበሰ ደበርጃን ሥር ያገኘችው መዲ የሚባል ፌጅ ነበር። ያኔ ለምን እንደሚጠቅም ማንም አላሰበም። ከዓመታት በኋላ በለንደን አንዲት የ15 ዓመት ታማሚ ሳንባ ከተተካላት በኋላ ማይኮባክቴሪየም አብሴሰስ የተባለ፣ የቲቢ ዘመድ የሆነ ባክቴሪያ በሰውነቷ ተሰራጨባት፤ የተገኘው መድኃኒት ሁሉ አልሠራም። ሐኪሞቿ ከስብስቡ የሚረዳ ፌጅ እንዲፈለግ ጠየቁ፤ መዲ እና ሌሎች ሁለት ፌጆች ተቀላቅለው ተሰጧትና መሻሻሏ በ2019 ተዘገበ። የአንድ ሰው ታሪክ መድኃኒቱ ይሠራል ለማለት አይበቃም። በ2022 መድኃኒት ያልመለሰው ተመሳሳይ ኢንፌክሽን ያለባቸው 20 ታማሚዎች ውጤት ሲታተም በ11ዱ ላይ መልካም ምልክት ታይቷል፤ ይህም ቢሆን ገና በአግባቡ የተነደፈ ሙከራ የሚጠብቅ ነው። ለዚህ ምዕራፍ የሚያስፈልገን ግን ሌላ ነጥብ ነው፤ ለሐኪሞቹ የሚመርጡበት ስብስብ የኖረው ተማሪዎች ለዓመታት፣ ክፍል በክፍል፣ ስላጠራቀሙት ነው። አስቀድሞ «ይህ የትኛውን ሕመም ይፈውሳል?» ተብሎ ቢጠየቅ ኖሮ አንድም ፌጅ ባልተሰበሰበ።

ተማሪ ቢሳሳትስ?

በዚህ አካሄድ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ ጥራት ነው። የአንደኛ ወይም የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የተረጎመው ጂን ይታመናል? በዝንብ ጂኖም ኅብረቱ ውስጥ መልሱ አሠራር ሆኖ ተቀምጧል። እያንዳንዱ ክፍል ቢያንስ በሁለት ተማሪዎች፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ፣ ይተረጎማል፤ ከዚያ ልምድ ያላቸው ሰዎች ሁለቱን አስተያይተው ልዩነቱን ያስታርቃሉ። የኮምፒውተር ትርጓሜም ከስሕተት የጸዳ አይደለም፤ በ2009 የታተመ ጥናት በታዋቂ የመረጃ ቋቶች ውስጥ የፕሮቲን ተግባር በስሕተት የተመዘገበበት ብዙ ቦታ እንዳለ አሳይቷል። የመጀመሪያው ስሕተት ደግሞ ሌላው ፕሮግራም ከእሱ እየገለበጠ ይባዛል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይቀጥላል፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በዚህ ፍጥነት እያደገ እያለ የሰው ተርጓሚ ለምን? ይህን በቀላሉ ማለፍ አይቻልም፤ በምዕራፍ ስምንት ያየነው የፕሮቲን ቅርጽ ትንበያ ዓመታት ይፈጅ የነበረውን ሥራ ወደ ደቂቃዎች አውርዶታል። ነገር ግን ፕሮግራሞቹ የሚማሩት ሰው አጣርቶ ካረጋገጠው ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱትም ምስክሮቹ በሚጋጩበት ቦታ ነው። ሰውና ማሽን የሚለያዩበትን ቦታ ማግኘት፣ ለምን እንደተለያዩ መመርመር፣ የታረመውን ለማሽኑ መመለስ፦ ይህ የተማሪን ዓይን አላስፈላጊ የሚያደርግ ሥራ አይደለም፣ እንዲያውም ቀድሞ ከነበረው የተሻለ የክፍል ሥራ ነው።

ሦስተኛው ይበልጥ ከባድ ነው። ገንዘብ ውስን ስለሆነ ብዙ ውጤት ለሚያወጡት ትልልቅ ቤተ ሙከራዎች ይሰጥ የሚሉ አሉ። በ2010 ጀረሚ በርግ፣ ያኔ ከኤንአይኤች አንዱ የሆነው የጠቅላላ የሕክምና ሳይንሶች ኢንስቲትዩት ዳይሬክተር፣ ተቋማቸው ድጎማ የሰጣቸውን ተመራማሪዎች ውጤት ከሚያገኙት ገንዘብ ጋር አነጻጸሩ። የጽሑፎች ቁጥር ከገንዘቡ ጋር እስከ 700 ሺህ ዶላር ዓመታዊ ድጎማ አካባቢ ያድጋል፤ ከዚያ በላይ ጭማሪው እየጠፋ ይሄዳል። ማለትም ለአንድ ትልቅ ቡድን የሚሰጠው ተጨማሪ ገንዘብ ለብዙ ትንንሽ ቡድኖች ቢከፋፈል ሳይንሱ አይጎዳም፤ በኔ አመለካከት ይጠቀማል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ግን እዚህ ነው፤ ትንሹ ኮሌጅ ትልቁን ሊተካ አይደለም። የጂኖሙን ንባብ፣ ግዙፉን የመረጃ ማከማቻና ውስብስቡን ሙከራ ትልልቆቹ ያደርጉታል። የትንሹ ድርሻ ሌላ ነው፤ ትልልቆቹ የማይደርሱበትን ይተረጉማል።

ገንዘቡ የት ይግባ?

ኤንአይኤች ከ1985 ጀምሮ ለእንዲህ ዓይነት ትንንሽ ኮሌጆች የተለየ ድጎማ አለው። አሪያ በሚል አህጽሮት የሚታወቀው ይህ ድጎማ ከኤንአይኤች በዓመት ከስድስት ሚሊዮን ዶላር በላይ ለማይደርሳቸው ተቋማት የተከለለ ሲሆን ተማሪዎችን በምርምሩ ማሳተፍ ግዴታ ያደርጋል። አስተዋይ ድጎማ ነው። የማየው ድክመት፣ እንደ ሌሎቹ ድጎማዎች ሁሉ አንድን ሰው ከአንድ ፕሮጀክት ጋር የሚያስር መሆኑ ነው። ሁለቱ ምሳሌዎቻችን የሚያሳዩት ግን ብቻውን የቆመ መምህር ብዙ እንደማይራመድ፣ ከማዕከል ጋር ሲገናኝ ግን እንደሚዘልቅ ነው። የዝንብ ኅብረቱ አባላት በ2014 ስለ ልምዳቸው ባሳተሙት ጽሑፍ ሥራውን ለመጀመርና ለማስቀጠል የጠቀሟቸው የማዕከሉ ድጋፎች መሆናቸውን ገልጸዋል፦ የመምህራን ሥልጠና፣ የተዘጋጀ የማስተማሪያ ጽሑፍ፣ የሚሠራ ኮምፒውተር አገልጋይ፣ ጥያቄ ሲኖር የሚመልስ ሰው። ድጋፎቹ የሚመጡት ከአንድ ማዕከል ነው፤ የሚያገለግሉት ግን ብዙ ክፍሎችን ነው።

ከገንዘቡ ሁሉ የሚበልጠው ሰዓቱ ነው። ያው ኅብረት በዚያው ዓመት ያሳተመው ሌላ ጥናት ተማሪዎች ለምርምሩ የሚመደብላቸው የክፍል ሰዓት ሲጨምር የሚያገኙት ጥቅም አብሮ እንደሚጨምር አሳይቷል። ስለዚህ ድጎማ ሰጪ ተቋም ለኮሌጁ ፕሬዚዳንት የሚያቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «መምህሩን ከስንት ኮርስ ትፈታዋለህ?» መሆን አለበት። ለአንድ ወቅት አንድ ኮርስ ቀንሶ የሚያስተምረውን ምትክ መምህር ደመወዝ መሸፈን፣ መሣሪያ ከመግዛት ቀድሞ የሚመጣ ወጪ ነው። ለጀማሪው ደግሞ የመነሻ ውጤት ሳይጠየቅ የሚሰጥ አነስተኛ ገንዘብ መኖር አለበት፤ አዙሪቱ የሚሰበረው በእሱ ነው። «ተማሪውን ከትምህርቱ ያዘናጋዋል» የሚለው ፍርሃት እዚህ ላይ መልስ ያገኛል፤ የፌጅ መርሐ ግብሩን የወሰዱ ተማሪዎች በ2017 በታተመ ጥናት በሳይንስ የመቀጠል ዝንባሌን በሚያመለክቱ መለኪያዎች የተለመደውን የቤተ ሙከራ ኮርስ ከወሰዱት በልጠው ታይተዋል።

ወደ ራሳችን ጽሑፍ

በዓለም ላይ ጂኖምን ከበሽታ ጋር የሚያገናኙ ጥናቶች ተሳታፊዎች በ2018 ሲቆጠሩ 78 በመቶው የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው፣ ሁለት በመቶው ብቻ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ነበሩ። ይህ የፍትሕ ጥያቄ ብቻ አይደለም። በምዕራፍ አምስት ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባለውን ጂን አንስተን ነበር፤ ኮዴይን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ በጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን የሚቀይረውን ማለት ነው። በ1996 እሌኒ አክሊሉና በስዊድን የካሮሊንስካ ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶዎቹ ይህ ጂን ተደጋግሞ ይገኝባቸው ነበር፤ በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከመቶ አንድ ሁለት ሰው አይበልጥም። ጂኑ ሲደጋገም ኮዴይን በፍጥነት ወደ ሞርፊን ይለወጣል፤ ይህ ሕፃንን ሊገድል ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ እንዳይሰጥ የከለከለው በ2017 ነው፤ ጥናቱ ከታተመ ከሃያ ዓመት በኋላ። በዚያው መንገድ በ2012 የወጣ ሌላ ጥናት በወላይታ ከባዶ እግርና ከቀይ አፈር ጋር የሚያያዘውን፣ ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለውን ፖዶኮኒዮሲስ መረመረ። 194 ታማሚዎችንና 203 ጤነኞችን አነጻጽሮ፣ በአንድ አፈር ላይ ከሚኖሩት መካከል ለምን አንዳንዱ ብቻ እንደሚታመም የሚያስረዳ ፍንጭ በሰውነት መከላከያ ጂኖች ውስጥ አገኘ። ጫማ አሁንም ዋናው መከላከያ ነው፤ ግን በሽታው ከእርግማንና ከንጽሕና ጉድለት ጋር ተያይዞ ለኖረበት ማኅበረሰብ ይህ ግኝት ትልቅ ነገር ነው።

እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የሚተረጉመው ማነው? በየክልሉ የተከፈቱት ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከፍተኛ የማስተማር ጫና የተሸከሙ ወጣት መምህራን ይዘዋል። የዝንብና የፌጅ ኅብረቶቹ የሚያሳዩት ለእነሱም ያው መንገድ ሊሠራ እንደሚችል ነው። በአፍሪካ መሰል ነገር ተሞክሯል፤ ኤች 3 አፍሪካ በሚባለው የጂኖም ትብብር ሥር የነበረው ኤች 3 ኤ ባዮኔት የተባለ መረብ ከ2016 ጀምሮ የባዮኢንፎርማቲክስ፣ ማለትም የሥነ ሕይወት መረጃን በኮምፒውተር የመተንተን፣ ኮርስ ለብዙ አገር ክፍሎች በአንድ ጊዜ ሰጥቷል፤ ትምህርቱ ከርቀት በቪዲዮ ይቀርባል፣ በየክፍሉ ያለ ረዳት ያግዛል። ትብብሩ በ2022 ተጠናቀቀ፤ የመረቡ አሠራር ግን ሊቀዳ የሚችል ነው። ለመጀመር ትልቅ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ክሊንቫር የሚባለው ከ2013 ጀምሮ የጂን ልዩነቶች ከበሽታ ጋር ያላቸውን ግንኙነት የሚመዘግብ ክፍት ቋት «ትርጉሙ ያልታወቀ» የተባሉ እጅግ ብዙ ልዩነቶች ይዟል፤ ይህ ዓይነት ምዝገባ ደግሞ የአውሮፓ ዝርያ በሌላቸው ሰዎች ላይ ይበዛል። አንድ መምህር ከዚያ ውስጥ አሥር ልዩነት መርጦ፣ ምስክሮቻቸውን ሰብስቦ፣ ክፍሉ እንዲያመዛዝናቸው ማድረግ ይችላል።

ክፍት ያልሆነው መረጃ ሌላ ጉዳይ ነው። ዝንብና ፌጅ ምሥጢር የላቸውም፤ የሰው ጂኖም ግን የባለቤቱን ማንነት ያጋልጣል፣ የዘመዶቹንም። ስለዚህ የግለሰቦችን ሙሉ ጽሑፍ ለማየት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱ የሚሰጠው ለተቋምና ለተመራማሪ እንጂ አርባ ተማሪ ለያዘ ክፍል ተብሎ የተነደፈ አይደለም። በኢንተርኔት ላይ በተዘጋጀ የጋራ የሥራ ቦታ፣ መረጃው ሳይወጣ ተማሪው ወደ መረጃው የሚገባበት አሠራር እየተሠራ ነው። ለክፍል የሚስማማ ፈቃድ ምን እንደሚመስል፣ የታማሚውን ይሁንታ ማን እንደሚጠብቅና ጽሑፉ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ቀጣዩን ምዕራፍ የሚሞሉ ናቸው።